ለእግረኛ ብቻ

ባቡር ነጂ ነበርኩ። አገር የሚያቋርጠውን ሳይሆን አዲስ አበባ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚመላለሰውን የከተማ ባቡር ነበር የምነዳው። ሥራው ከውጭ ላየው ሰው ከሕዝብ ጋር የሚያውል ይመስላል። ከአያት ባዶውን የተነሣው ፉርጎ መገናኛ ሲደርስ ጢም ይላል፤ ሰው በሰው ትከሻ ይደገፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ሴቶች ዘንቢላቸውን በእግራቸው መሀል ያስገባሉ። እኔ ግን ከብረት በር ወዲህ ነኝ። ከፊቴ ሐዲዱ፣ ከመዳፌ ሥር እጀታው፣ ከጆሮዬ ሥር ደግሞ «ቀጥል»፣ «ቁም» የሚለኝ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ድምፅ ብቻ። ነጂ ከተሳፋሪ ጋር አያወራም፤ ደንብ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ከኋላዬ ይዤ ውዬ፣ አመሻሽ ላይ ከሱቅ ዳቦ ስጠይቅ የገዛ ድምፄ እንግዳ ይሆንብኝ ነበር።

የተወለድኩት ላሊበላ ነው፤ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው ሰፈር፣ ደርብ ባለው ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ። አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስላረፈች፣ እኔንም ተማሪዎቻቸውንም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዜማውን እንድወርስላቸው ይመኙ ነበር፤ ድምፅ ግን አልተሰጠኝም። ለብዙ ጊዜ ታግሠው ካስጠኑኝ በኋላ አንድ ቀን መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ «ልጄ፣ ድምፅህ ደረቅ ነው። እግዜር የሰጠህን ሌላ ነገር ፈልግ» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ ኤሌክትሪክ ተማርኩ፤ ባቡሩ ሲመጣ ነጂ ሆኜ ተቀጠርኩ።

አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ መጡ። ሐኪም ቤት አድርሼ ስመልሳቸው የእኔ ተራ ደረሰና በምነዳው ባቡር ላይ አሳፈርኳቸው። አንድ ወጣት ተነሥቶላቸው ከእኔ በር አጠገብ ተቀመጡ። ነጭ ጥምጥማቸው በበሩ መስታወት ጥግ ይታየኝ ነበር። የመጨረሻው ጣቢያ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው አልተነሡም። በሩን ከፍቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ደረስን አባዬ።»

«አየሁት። ደግ ነው፤ አይንገጫገጭም።» መቋሚያቸውን አስተካክለው፣ «ይህን ሁሉ ሰው ስታደርስ ደህና ዋልክ የሚልህ የለም?» አሉኝ።

«አይችሉም። በሩ ዝግ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ዘንድ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል። ብቻውን የሚቆም የለም» አሉ።

ከጣቢያው ስንወርድ አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ዳር ቆማ ወደ ማዶ ታያለች። የሐዲዱ አጥር ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ ድልድዩ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ደረጃው ለጉልበት አይመችም። አባቴ ዓይናቸው ተጋርዶም ቢሆን አዩዋት።

«ያቺ ሴት ምን ሆና ነው የቆመችው?»

«መሻገር ፈልጋ ነው። መሻገሪያው ከወዲያ ነው፤ ይርቃል።»

«ታዲያ ይህ መንገድ የማን ነው?» አሉ። አሮጊቷን ክንዷን ይዤ እስከ ድልድዩ ወሰድኳት፤ አባቴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ጠበቁኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ባቡሮቹ እያነሱ ሄዱ። አንዱ ሲበላሽ መለዋወጫው አይገኝም፤ ከማደሪያው ቆሞ ለሌላው አካሉን ይሰጣል። መስመሩ ይረዝማል፣ አዲስ ሐዲድ ይዘረጋል፣ ለዚያም ነጂዎች ይሠለጥናሉ የሚል ወሬ ግን በየዓመቱ ይታደሳል። እኔም ያን ሥልጠና ሌላው ሰው ሠርግ እንደሚጠብቅ ጠበቅሁት። ከተማው በእነዚያው ዓመታት መልኩን ቀየረ። የእግረኛ መንገዶች ሰፉ፣ መብራት ተተከለ፣ መቀመጫ ተሠራ፤ አመሻሽ ላይ ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንሸራሸራሉ። እኔ በተራዬ ብዙውን ቀን ከቆመው ባቡር ጎን ተቀምጬ እውላለሁ። ትዳር አልነበረኝም። ፈረቃው ነው እያልኩ አመካኝ ነበር።

አንድ ቀን ከላሊበላ ተደወለ። የደወለችው ከአባቴ ቤት ጎን የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በእድሜ ትበልጠኛለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላት።

«ሰፈሩ እየተነሣ ነው» አለችኝ። «ለእግረኛ መንገድ ነው አሉ። እኛ እሺ ብለናል። የኔታ ግን አልሰማሁም ብለዋል። አንተ ብትመጣ ይሻላል።»

ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። አውቶቡሱ በወልድያ አድርጎ ጋሸና ሲያወርደኝ ብርዱ ከአጥንቴ ገባ። ከዚያ በሚኒባስ ቁልቁል፣ ከዚያ ሽቅብ። ሰፈሩ ስደርስ ግማሹ ፈርሶ ነበር። የጎረቤት ቤቶች ጣሪያቸው ተነሥቶ ክቡ ግድግዳ ብቻ ቀርቷል። አባቴ ደጃቸው ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተማሪ የለም። ስማቸውን የሚጠራ ድምፅ የለም።

በማግስቱ አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። ትሑት ልጅ ናት። ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባችና ከአባቴ እግር ሥር ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው።

«የኔታ፣ መኪናና ባጃጅ እስከዚህ እየመጣ መሬቱን ያናውጣል። አብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ አንድ ወጥ ድንጋይ ናቸው፤ መናወጡን አይወዱትም። ስለዚህ ከላይ ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ ቤተ ማርያም ድረስ ማንኛውም ሰው በእግሩ ብቻ እንዲመጣ ነው የምናደርገው። ድንጋይ እናነጥፋለን፣ ጽድ እንተክላለን፣ ለደካማ ማረፊያ እንሠራለን።»

«እኔ መቼ በመኪና መጣሁ?» አሉ አባቴ።

«አልመጡም።»

«ታዲያ በእግር የሚሄደውን አስነሥታችሁ ለእግረኛ መንገድ ትሠራላችሁ?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። የከተማ መንገድ ለእግረኛ ሳይታሰብ ሲሠራ ምን እንደሚሆን በየቀኑ በመስታወቴ አይቻለሁ። አጥር ዘለው ከባቡሬ ፊት የሚሮጡ ሰዎች ልቤን ስንት ጊዜ ቀጥ አድርገውታል። እሷ የምትለው መንገድ ደግ መንገድ ነበር። ይህንኑ ለአባቴ ስነግራቸው፣ «ለቤተ ማርያም ከሆነ እኔ አልከለክልም። ግን ዕቃዬን ሌላ ሰው አያውጣው፤ አንተ አውጣልኝ» አሉ።

አወጣሁት። ጥቂት መጻሕፍት፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ አጎዛ፣ አንድ ሣጥን። ክቡ ቤት ባዶ ሲሆን ውስጡ እንዲህ ጠባብ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ለእኛ የተሰጠን ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ከተረተሩ ላይ ነው። ቤቶቹ በመስመር የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። የድሮ ጎረቤቶቻችን እዚያው ተረተር ላይ ናቸው፤ ግን ዕጣ ስለነበር ሁሉም ተበታትኖ ወድቋል። ከግራችንም ከቀኛችንም ያሉት የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። እትዬ ከወዲያኛው ጫፍ ደረሳት። ድሮ በመስኮት እሳት ትጠይቀን የነበረች ሴት አሁን ልታየን ስትመጣ ጥላ ይዛ፣ ነጠላ ለብሳ፣ እንደ እንግዳ ነው።

አባቴ ከዚያ ተረተር ላይም ቢሆን በየጧቱ በእግራቸው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ቁልቁለቱን ወርደው ማስቀደሱ አልከበዳቸውም፤ ዳገቱን ሲመለሱ ግን ይቀመጡ ነበር። ክረምት ሲገባ አንድ ቀን ጭቃ አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ወልድያ ድረስ ወስጄ አሳክሜ አመጣኋቸው። ሐኪሙ ያለው ቀላል ነበር፤ ለመቀመጥ ይበቃሉ፣ ለመሄድ አይመኙት።

ፈቃዴን አስረዘምኩ። ከዚያ እንደገና አስረዘምኩ። በዚያ ቤት ሁለት ወንዶች ነበርን፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ሰው የመጣ እየመሰለን ሁለታችንም ወደ በሩ እንዞራለን። አንዳንዴ አባቴ፣ «ክፈትለት» ይሉኛል፤ እከፍታለሁ፤ የለም። እሳቸው ዜማ ያንጎራጉራሉ። ከመሀል ቆም ብለው ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እራሳቸው ይቀጥላሉ። የሚቀበላቸውን ሰው እየጠበቁ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድምፄ ደረቅ ስለሆነ ዝም አልኩ።

በዚያ መሀል መንገዱ አለቀ። ብቻዬን ሄጄ አየሁት። አቤት ማማሩ። ቀዩ የላስታ ድንጋይ በጥንቃቄ ተጠርቦ ተነጥፏል፤ ከግራና ከቀኝ ጽድ ተተክሏል፤ ዝናቡ የሚወርድበት ቦይ ተሠርቷል፤ አረፍ የሚባልባቸው የድንጋይ መቀመጫዎች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ካየኋቸው መንገዶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ከላይ ከአስፋልቱ ጫፍ ሰንሰለት ተዘርግቶበት «ለእግረኛ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከሰንሰለቱ ጎን ባለችው ትንሽ ጎጆ ውስጥ የጥበቃ ሹራብ በቀሚሷ ላይ ደርባ የተቀመጠችው እትዬ ናት።

«ሥራ ሰጡኝ» አለችኝ። «የድሮ ሰፈሬን መልሼ ልጠብቅ።»

«ሰው ይመጣል?»

«ካህናቱ ጧት ይመጣሉ። እሁድ እሁድ ጥቂት ሰው አለ። ፈረንጅ እንደምታውቀው ከጦርነቱ ወዲህ ጠፍቷል። ሌላው ሁሉ ተረተር ላይ ነው፤ ማን ይወርዳል?» ቁልቁል ወደ ባዶው መንገድ አየች። «አንዳንዴ እኔው ተነሥቼ እሄድበታለሁ። ዝም ብሎ ሲቀር ያሳዝናል።»

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ አገሩ ሁሉ ይጾማል፤ ለአባቴ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጠው ወቅት ነው። ጾሙ በገባበት ቀን፣ «ቤተ ማርያም አድርሰኝ» አሉኝ። ሌላ ነገር ከእኔ ጠይቀው አያውቁም።

ባጃጅ ጠራሁ። ባጃጁ ከሰንሰለቱ ላይ አወረደን፤ ከዚያ ወዲያ አይገባም። አባቴን አዘልኳቸው። ክብደት አልነበራቸውም፤ አጥንታቸው ብቻ ጀርባዬን ይቆረቁረኛል። ካፊያ ይጥል ነበር፤ ያ የተዋበ ድንጋይ ረጥቦ ያሟልጫል። ጥቂት ወረድኩና እግሬ ሸርተት ሲል አባቴ አንገቴን አንቀው ያዙኝ። መቀመጫ ላይ አሳረፍኳቸው። ጉሙ ከፊታችን ያለውን ሁሉ ሸፍኖታል። ቅዳሴው ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ ይሰማል፤ የት እንዳለ ግን አይታይም። አባቴ የሕዝቡን ተሰጥዎ በከንፈራቸው እየመለሱ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ፣ «ተመለስ» አሉኝ።

«ትንሽ ነው የቀረን አባዬ።»

«በልጅ ጀርባ ታዝሎ ማስቀደስ አልለመድኩም። አንተም ትወድቃለህ። ተመለስ።»

ዳገቱን ይዣቸው ወጣሁ። እትዬ ከጎጆዋ ወጥታ ነጠላዋን ደረበችላቸውና፣ «የኔታ፣ ጎልማሶች ፈልገን በቃሬዛ ብናወርድዎትስ?» አለች።

«ቃሬዛ ላይ የምወጣበት ቀን አለ» አሉ አባቴ። «ገና አልጠራሁትም።»

ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። በማግስቱም እንደዚያው። እኔ መቀመጥ አቃተኝና ወጣሁ፤ ዝም ብዬ ስሄድ ወደ አሸተን ማርያም ከሚወስደው መንገድ መነሻ ደረስኩ። እዚያ ቱሪስት ወደ ተራራው የሚያወጡ በቅሎዎች ድሮ ተሰልፈው ይቆሙ ነበር። ያን ቀን አንዲት በቅሎ ብቻ ነበረች። ባለቤቷ እኩያዬ የሚሆን ሰው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ዝናቡን እናያለን።

«እንግዳ አለ?» አልኩት።

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ይዘሃት ትመጣለህ?»

«ቤት ስትውል ትከፋለች። እኔም እንደዚያው» አለ።

ስለ አባቴ ነገርኩት። ለማንም ሳልነግር ቆይቼ ነበርና አንዴ ከጀመርኩ ብዙ አወራሁ። ሳያቋርጥ ሰማኝ። ስጨርስ ተነሥቶ የበቅሎዋን ልጓም ፈታ።

«አብሽር» አለኝ። «ቤትህ የት ነው?»

ለአባቴ ስነግራቸው ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። «በቅሎ?» አሉ። «በቅሎማ ማዕረግ ነው። መምህሬ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር።» ነጭ ልብሴን አምጣ አሉኝ፤ ጥምጥማቸውን እራሳቸው ጠመጠሙ።

ሰውየው ኮርቻው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈ። ሁለት ሆነን አወጣናቸው፤ እኔ ከጎን ወገባቸውን ያዝኩ፤ እሱ ከፊት ይስባል። ከሰንሰለቱ ስንደርስ እትዬ ቆመች። በቅሎዋን አየች፤ ጽሑፉን አየች፤ እንደገና በቅሎዋን አየች።

«መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር አታስገቢ ነው የተባልኩት» አለች። «ስለ በቅሎ የነገረኝ የለም።»

ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ ደወለች። ነገሩን አስረዳች። ከዚያ የሆነ ጥያቄ ተጠየቀች መሰለኝ፣ «እኔ አነሣዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ፋንድያውን ማን ያነሣል ነው ያሉኝ።» ሰንሰለቱን ፈታችው።

የበቅሎዋ ኮቴ በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ከሷ ኮቴ በቀር የሚሰማ የለም። ግማሹን እንደወረድን አባቴ፣ «ቁሙ» አሉ። ትልቁ ወይራ ሥር ደርሰናል። ቤታችን የነበረበት ቦታ ነው፤ ዛፉን ትተውት ቤቱን ብቻ ነው ያነሡት። ከሥሩ የድንጋይ መቀመጫ ተሠርቷል፤ አዲስ የጽድ ችግኝ ከጎኑ አለ። አባቴ በዓይናቸው ብዙ ባያዩም ከኮርቻው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው የወይራውን ቅርንጫፍ ነኩት።

«አሁን ምን ሆኗል?» አሉኝ።

«መቀመጫ ነው አባዬ። መንገደኛ የሚያርፍበት።»

«ደግ ነው። ሰው ካረፈበት ደግ ነው።» ጆሯቸውን ጣሉ። ከላይም ከታችም የሚመጣ አልነበረም። ጉሙ በመቀመጫው ላይ ያልፋል። «ዛሬ ግን የሚያልፍ የለም» አሉ። ባለ በቅሎው ፊቱን አዞረ። ጥቂት ቆመን ቀጠልን።

ቤተ ማርያም ስንደርስ ዲያቆናት ወጥተው ተቀበሉን፤ ተሸክመው ወደ ውስጠኛው ደጅ አወረዷቸው፤ ከዓለቱ ግድግዳ ላይ አስደግፈው መቋሚያቸውን ከብብታቸው ሥር አደረጉላቸው። እኔ ከውጭ ቀረሁ። ቅዳሴው ሲቀጥል ከብዙ ድምፅ መሀል አንድ ደካማ፣ ግን ቀጥ ያለ ድምፅ ለየሁ። ሌላው ሲመራ እሳቸው ይቀበላሉ። ባለ በቅሎው አጠገቤ ቆሞ ልጓሙን ይዞ፣ «እሳቸው ናቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ ሰውየው በየቀኑ መጣ። እትዬ መጥረጊያና አሮጌ ዘንቢል ይዛ ከኋላ ትከተላለች። መንገዱ ላይ የምንገኘው እኛው ብቻ ነበርን፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት በቅሎ፣ ባለቤቷ፣ ዘበኛዋና እኔ። ያ ሁሉ መንገድ ለእኛ የተሠራ ይመስል ነበር።

አባቴ ያረፉት በጥቅምት ነው። ቀትር ላይ ከቤቱ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሽሮ ልሠራላቸው ገባሁ፤ ስወጣ አንገታቸው ወደ ትከሻቸው ዘንበል ብሏል። እንቅልፍ መስሎኝ ነጠላውን አስተካከልኩላቸው፤ እጃቸው ሲነካኝ አወቅሁ። ጎረቤት የማላውቀው ሰው ነው፤ የማንን በር እንደማንኳኳ ጠፍቶኝ ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ የግራውን አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ከፈተች፤ ፊቴን ስታይ ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ።

ለቀብር የመጣውን ሰው አልጠበቅሁትም። የተበተነው ሰፈር ሁሉ መጣ፤ ተማሪዎቻቸው ከላስታ ገጠር ከየደብሩ በእግራቸው ወርደው መጡ፤ ከፍላቂት ድረስ የመጣ ቄስ ነበር። ሰንሰለቱ ተፈታ። ቃሬዛው ከፊት፣ ካህናቱ እያዜሙ፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ ያ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ከተለያዩ ወዲህ ያልተያዩ ጎረቤቶች በልቅሶው መሀል እየተቃቀፉ፣ «የት ደረሳችሁ? ልጅሽስ?» ይባባላሉ። ወይራው ሥር ሲደርሱ ማንም ሳያዝዛቸው ቆሙ። ካህናቱ ጸሎት አደረጉ። እኔ በቃሬዛው አጠገብ ሆኜ የሰዉን ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ዝናብ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ሁሉም በየአቅጣጫው ወደ ተረተሩ ወጣ። ድንኳኑ ጥቂት ቀን ቆየና ፈረሰ። እትዬ ከወዲያኛው ጫፍ እየመጣች ምግብ ታስቀምጥልኝ ነበር፤ ከዚያ እሷም አዘውትራ መምጣቱ ከበዳት። ቆርቆሮው ሲንኳኳ አሁን የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ። የአባቴን ከበሮ ከተሰቀለበት አውርጄ አቧራውን እጠርግና መልሼ እሰቅለዋለሁ። አንድ ቀን ሞክሬ የሚወዱትን ዜማ ጀመርኩ። ቤቱ ውስጥ ድምፄ አስፈራኝ፤ አቆምኩ።

ከአዲስ አበባ የሥራ ባልደረባዬ ደወለ። ሥልጠናው ሊጀመር ነው፤ የአዲሱ መስመር ሥራ እውነት ሆኗል፤ ስሜም አለ፤ ፈጥኜ እንድመጣ። ደስ ብሎት ነው የሚነግረኝ። ስንት ዓመት አብረን ጠብቀነዋል።

«መቼ ትመጣለህ?» አለኝ።

«አልመጣም መሰለኝ» አልኩት።

«እዚያ ምን አለህ?»

ምን እንዳለኝ ብነግረው ደስ ባለኝ። «እንግዲህ አስብበት» ብሎ ዘጋው። አሰብኩበት። ልቤ አልተነሣም። ደግመው ሲደውሉልኝ አልሄድም ብዬ ቁርጡን ነገርኳቸው፤ ስልኩን ዘግቼ ግን እስኪመሽ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

መሐንዲሷ ልጅ ኤሌክትሪክ መማሬን ከእትዬ ሰምታ ኖሮ የእግረኛውን መንገድ መብራቶች የሚጠብቅ ሰው እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ተቀበልኩ። መሰላሌን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እሄዳለሁ፤ አምፖል እቀይራለሁ፤ ውኃ የገባበትን ሽቦ እጠግናለሁ። ገና ሲመጣ መንገዱ በምእመናን ተጥለቀለቀ። ከሩቅ በእግራቸው የመጡ ሰዎች እግራቸው ተሰነጣጥቆ በየመቀመጫው ላይ ያርፋሉ፤ ከወይራው ሥር አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች። በሕዝቡ መሀል መሰላሌን ይዤ ስሄድ አንዱ፣ «ከየት ነህ ወንድሜ?» ይለኛል። ከዚሁ ነኝ እላለሁ። በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም ሄደ፤ የተረፈውን ሣርና ወረቀት ከእትዬ ጋር ጠረግን።

ከጥምቀት በኋላ ባለ በቅሎው ቤቴ መጣ። በሩ ሲንኳኳ ነፋሱ መስሎኝ ቶሎ አልተነሣሁም።

«ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ለሚስቴ ዘመዶች እህል ላደርስ ነው» አለኝ። «መንገዱ ረጅም ነው። ሥራ ከሌለህ ለምን አብረን አንሄድም?»

ማለዳ ተነሣን። በቅሎዋ ጭነቷን ይዛ ትቀድማለች፤ እኛ እንከተላለን። ገብስ የታጨደበት ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ከዚያ የጽዱ ጫካ። ከምንጭ አጠገብ ዳቦ በላን። ስለ ልጆቹ ነገረኝ፤ ትልቋ ልጁ ወገል ጤና አግብታ ስትሄድ ቤቱ እንዴት እንደጎደለበት። አባቴን አንድ ጊዜ አነሣቸው፤ በቅሎዋ ላይ ሆነው አንገቷን እያሻሹ ያወሯት እንደነበር እኔ አላስተዋልኩም ነበር፤ እሱ ነው የነገረኝ።

ከዘመዶቹ ቤት ስንደርስ አንዲት ሴት ከደጅ ተቀበለችን፤ እህሉን አወረድን። ለእኔ ጠላ ስትቀዳ፣ «ይህስ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ጓደኛዬ ነው» አላት።

ጠላውን ተቀብዬ ጠጣሁ። በማግስቱ ዋሻው ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን፣ ባዶዋን በቅሎ ይዘን ተመለስን። መመለሻው ብዙው ቁልቁለት ነበር። አንዴ እሱ፣ አንዴ እኔ፣ ልጓሙን እየተቀባበልን ወረድን።